የሙጬ እርሳስ

ሦስት ቅጂ አሳተምኩ ከፒያሳ በታች፣
መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኗ እያቃሰተች፤
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ በገመድ የታሰረ፣
አሥር ዓመት ሙሉ ከአልጋዬ ሥር ያደረ።
የአባቴ ታሪክ ነው፤ የሾፌሩ፤ የመተማ መንገድ፣
ጭነትና ሰው፣ ቁልቁለትና ንዳድ።

አዲስ አበባ ላይ አርታዒ አገኘሁኝ፣
በገጽ የሚያስከፍል፤
"እሱ ጋ ሳይደርስ ለሰው አሳይ" አሉኝ፣
"ሲያምህ ለማያባብል።"

አንዱን ለተናኘ ሰጠሁ፣ ማራኪ ለምታስተምር፣
አማርኛን እንደ ጎመን ቀንጥሳ ለምትመረምር፤
አንዱን ለየኔታ ጥዑመልሳን፤
ሦስተኛውን ለሙጬ፣ ለአባቴ ረዳት፣
በር ላይ ተንጠልጥሎ ላረጀ በዚያች መኪና ሃያ ዓመት።

ከዚያማ ጥበቃ ነው።
ነሐሴ ላይ ነን፤ ጃንተከል ዋርካው ሥር ባጃጁ ተኮልኩሏል፣
የቀሃ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።
ሳሙና በር ላይ ተናኘን አየኋት፣ ጥላ ይዛ ስታልፍ፣
ዕዳ እንዳለበት ሰው ግድግዳ ተጠጋሁ፤
"አንብባው ይሆን? ወይስ ጀርባው ላይ
የሽንኩርት ሂሳብ ነው የምትጽፍ?"

መጀመሪያ የመጣው የእሷው ነበር፣
በቀይ እስክሪብቶ የቆሰለ ክምር፤
ሀሌታውን "ሀ" ነቅላ ሐመሩን "ሐ" ተክላ፣
በአንድ ገጽ ስድስት "ነበር" ከብባ፣
"ስንት ጊዜ ነው የነበረው?" ብላ።
ገጽ ሰማንያ ስምንት፦ "ዝናቡ በዛብኝ፤
ካፖርት ለብሼ ነው ይህን ያነበብኩኝ።"

የኔታ አልጻፉም። አስነበቡኝ እንጂ፣ ከበአታ ግድም፣
ለእያንዳንዷ መስመር "አንድም" እያሉ፣ ደግሞ "አንድም"፤
ጎማ ሥር ከተወሸቀች ከአንዲት ድንጋይ
አራት ትርጓሜ አወጡ። (እኔ ያወቅሁት መኪናው እንዳይንሸራተት ነው።)
ኩራት ኩራት አለኝ።
ምዕራፍ አራት ላይ ቀና ብል ተኝተዋል።
"ልጄ" አሉ ሲነቁ፣ "አንቀላፍቼ ስነቃም
መኪናው እዚያው ዳገት ላይ ነው።
አንድም መጽሐፍህ ፍሬን ይዟል፤
አንድም ነጂው ፈርቷል።"

ከሙጬ ድምፅ የለም። ክረምቱ ወጣ፣
ደመራው ነደደ፣ አመዱም ነጣ፤
በመጨረሻ ራሴ አዘዞ ወረድሁ፣
ጎሚስታው ደጃፍ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥሁ።

ከመነዳሪ ነፍቶ፣ ገንዳው ውስጥ ነክሮ፣
ዙሪያውን ያዞራል በዝምታ አተኩሮ፤
አረፋ ሲንጣጣ፣ ትንሽ፣ እንደ ሽንብራ፣
ከጆሮው ኮፒ እርሳሱን አውርዶ ምልክት ሠራ።

"አነበብከው?" አልኩት።
በአገጩ ወደ መደርደሪያው ጠቆመ።
በየገጹ ጥግ የግሪስ አውራ ጣት አለ፣
እስከ መጨረሻው፣ አንድም ያልዘለለ።
የተጻፈበት ግን አንድ ብቻ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ላይ፣
"ነፍሱ ስትወጣ እጁን ይዤ ነበር" ከሚለው በላይ፣
በዚያው ሐምራዊ እርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል፣
"አልነበርክም" ይላል።

ዝም አልኩ። እሱም ጎማውን መሞረድ ያዘ።
ቆየና፣ "ሌላው ደህና ነው" አለ፣
"ያንን ቁልቁለት ግን በአራተኛ ማርሽ አይወርዱትም፤
ሰው ትጨርሳለህ።"

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ያችን መስመር ሰረዝኩ፣
አሥር ዓመት እዚያች ገጽ ላይ ነበር ፍሬን የያዝኩ።
አሁን እንዲህ ትላለች፦
"አባቴ ሲሞት እጁን ሙጬ ይዞ ነበር።
እኔ ባሕር ዳር ነበርኩ። ተኳርፈን ነበር።
ስልኬን ዘግቼ ነበር።"

አራት። ተናኘ ብታየው ትከበዋለች፤
ትክበበው።
ነገ በጠዋቱ አውቶብስ ለአርታዒው ይሄዳል፤
እሱ ደግሞ የሚለውን ይላል።

የሰማንያ ስምንቱን ዝናብ ግን አልቀነስኩትም፣
ጎንደር ናት፣ ነሐሴ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም፤
ተናኘ ካፖርቷን ትልበስ።